ሁለቱ ጭምብላሞች ወገዳ የገቡበት ክረምት

ሐምሌ 5፣ ቅዳሜ

ፊልሙ መጣ! ጓዴ ከደብረ ታቦር በፍላሽ አስመጣው። ጓዴ ባጃጅ ነጂ ነው፤ ባጃጁ ላይ ተሳፍሮ የዚህን ፊልም ወሬ ሳይሰማ የወረደ ሰው ወገዳ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። አወቀ ቪዲዮ ቤቱን ነገ ከቅዳሴ በኋላ እከፍታለሁ ብሏል። ተርጓሚዋ እኔ ነኝ። እሱ ድምፁን ዝቅ ያደርገዋል፣ እኔ ከሥር የሚያልፈውን እንግሊዝኛ እያየሁ በማይክ በአማርኛ እናገራለሁ። ኮሌጅ ገብቼ የተማርኩት እንግሊዝኛ እስካሁን እንጀራ የሆነኝ እዚህ ብቻ ነው።

ለሁለቱ ጀግኖች ስም ያወጣሁላቸውም እኔ ነኝ፤ ፊልሙ የጃፓን ነውና የጃፓንኛ ስማቸውን የሚይዝ ጠፋ። ቀይ ጭምብል ያለው የድሮው ነበልባል፣ ሰማያዊው ወጣት መብረቅ። እስከዛሬ ለየብቻቸው ተከታታይ ፊልም ነበራቸው። ነበልባልን ይዘው ያደጉት ጓዴና እኩዮቹ ናቸው፤ መብረቅ የተማሪዎቹ ነው። አሁን ጊዜ ተቀዶ ሁለቱ ይገናኛሉ ተባለ፤ ከድሮ የመጣውና የዛሬው በአንድ ፊልም።

አባባ ማታ «የት ዋልሽ?» አሉኝ። ጠዋት ነግሬያቸው ነበር። ደግሜ ነገርኳቸው።

ሐምሌ 6፣ እሑድ

ቤቱ ሞልቶ በር ላይ ቆመው ያዩ ነበሩ። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ሲወርድ የራሴ ድምፅ እንኳ አይሰማኝም፤ ስጮህ ነው የዋልኩት። ነበልባል ከጭሱ ውስጥ ብቅ ሲል ጓዴ አግዳሚው ላይ ወጥቶ ፎከረ። የምሩን ነው የፎከረው፣ አያቱን እየጠራ። ተማሪዎቹ ሳቁበት። መብረቅ ሲመጣ እነሱም በተራቸው አግዳሚውን በእግራቸው ደበደቡት። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቆሙ ግን ጩኸቱ አንድ ሆነ። አዜብ የምትባለው የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ አፏን በነጠላዋ ይዛ ታለቅስ ነበር፤ ገና ማንም ምንም ሳይሆን።

ጣጣው መጨረሻው ነው። የተቀደደው ጊዜ የሚዘጋው ከወዲያኛው በኩል ብቻ ነው። ስለዚህ ነበልባል ወደ ዘመኑ ተመልሶ በሩን በራሱ ላይ ይዘጋል። በዘጋው ቅጽበት ወደዚህ መጥቶ እንደነበር ከሰው ሁሉ ልብ ይጠፋል። ከመብረቅም ጭምር። በመጨረሻ መብረቅ ሁለቱ አብረው በበሉበት ምግብ ቤት ደጃፍ ሲያልፍ ባዶውን ወንበር ያየዋል። ምንም አይመስለውም። ያልፋል።

«ዙር! ዙርና እየው እንጂ!» አለ አንዱ ከኋላ።

አለቀ። ማንም አልተነሣም። ከዚያ ሁሉም ባንድ አፍ። «ለዚህ ነው የጠበቅነው?» «መልሱልን!» አንዱ የፕላስቲክ ጠርሙስ ወደ ስክሪኑ ወረወረ፤ አወቀ በቁጣ ተነሣ። ጓዴ ሕዝቡን እየገፋ ወደ እኔ መጣ።

«ቤቲ፣ በደንብ አንብበሽዋል? ምናልባት ያመለጠሽ ነገር ይኖራል።»

«ምንም አላመለጠኝም፣ ጓዴ።»

«አብረው በልተው! አንድ ገበታ ቀርበው! ሰው እንዴት ይረሳል?»

እኔ ምን ላድርግ። እኔ አልሠራሁት።

ቤት ስገባ አባባ «እራት የሚሰጠኝ አጣሁ» አሉኝ። ሳህኑ አጠገባቸው ነበር፣ ተጠርጎ የተበላ። ሌላ አቀረብኩላቸው። ብርድ ያስርባል።

ሐምሌ 9፣ ረቡዕ

ከፊልሙ ሌላ ወሬ የለም። እንየው ፀጉር አስተካካይ ነው፤ የአንድ ሰውዬን ግማሽ ጭንቅላት ላጭቶ መላጫውን በእጁ ይዞ ይከራከራል።

«ፊልሙ ልክ ነው» ይላል። «እኛ ደስ እንዲለን ተብሎ ሐሰት ይጨመርበት? የሄደ ሄደ።»

ጓዴ ከባጃጁ ሳይወርድ፣ «አንተ በነበልባል ስላላደግህ ነው! ለአንተ አንድ ቀይ ሰውዬ ነው!»

ከሰዓት ኔትዎርክ ትንሽ መጣ። ጓዴ የውጭ አድናቂዎች የጻፉትን በስልኩ እያስተረጎመ አነበበልን። ለካ እዚያም ተጣልተዋል። አንዱ የነበልባልን አሻንጉሊቶች አውጥቼ ጣልኩ ይላል። አንዷ ደግሞ «ከአባቴ ጋር ያየሁት ጀግና ነበር። ደህና ሁን እንድለው እንኳ አልፈቀዱልኝም» ብላለች። እንየው መላጫውን አወረደ። በመጨረሻ ግማሽ የተላጨው ሰውዬ «ኧረ እባክህ ጨርሰኝ» አለ።

ያን ጊዜ ሳቅን። ቤት ስደርስ ግን የልጅቷ ቃል ጆሮዬ ውስጥ ነበር። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ሐምሌ 12፣ ቅዳሜ

ገበያ። ቀኑን ሙሉ እየደጋገምን አሳየን። ድምፄ ተዘግቷል። ቤት ስገባ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ዝናቡ እስከ ምድጃው ገብቷል። አባባ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ያዜማሉ። ደህና ናቸው።

ሐምሌ 16፣ ረቡዕ

ዲያቆን ዓለምነህ መንገድ ላይ ጠብቆ አስቆመኝ። አባባ ድጓ ከሚያስተምሯቸው ሁሉ እሱ ነው በትምህርቱ የገፋው፤ ሚስትና ልጅ ያለው ትልቅ ሰው ነው።

«እኅቴ፣ የኔታ ትናንት የነገሩኝን የዜማ ቀለም ዛሬ እንደ አዲስ ነገሩኝ። ከትናንት ወዲያም ያንኑ ነበር።»

«እንዲጠናብህ ይሆናላ» አልኩት።

አየኝና ዓይኑን መለሰ። «ይሆናል» አለ።

ለምን እንደ ተቆጣሁ እንጃ። ዓለምነህ ክፉ ተናግሮኝ አያውቅም። አባባ ቤተ ልሔም የድጓ ትምህርት ቤት ገብተው ከልጅነት እስከ ጉልምስና የተማሩ፣ በዚያ ፍቅርም ለእኔ ቤተልሔም ብለው ስም ያወጡ ሰው ናቸው። አንድ ቀለም ቢደግሙ ምን አለበት?

ሐምሌ 20፣ እሑድ

ዛሬ አንድ ነገር አደረግሁ።

አዜብ ከትምህርት ቤት ጓደኞቿ ጋር መጣች። የመጨረሻው ትዕይንት ሲደርስ ሁሉም አንገቱን ደፋ፤ ላለማየት ነው። ብር ከፍሎ ገብቶ ዓይኑን የሚጨፍን ሰው አይቼ አላውቅም። መብረቅ ባዶው ወንበር ጋ ሲደርስ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ በእሱ ድምፅ፣ «እዚህ አንድ ሰው ነበር። ስሙ ጠፋኝ እንጂ እሱስ አልጠፋኝም» አልኩ።

ቤቱ ተናወጠ። ጓዴ የማያውቀውን ሰው አቅፎ ይዘላል። እልል ያሉም ነበሩ። አዜብ መጥታ ጉንጬን ሳመችኝ።

ወደ ቤት ስሄድ ልቤ ደስ ብሎት ነበር። ከቤታችን አጥር ስደርስ ጠፋ።

ሐምሌ 24፣ ሐሙስ

እንየው ፊልሙን በራሱ ስልክ ገልብጦ እንግሊዝኛውን በመዝገበ ቃላት ሲፈታ አድሮ ኖሯል። ሰኞ ጠዋት መንገድ ላይ በሰው ፊት፣ «እንደዚያ አይልም! አፉ እንኳ አልተንቀሳቀሰም! በሰው ኀዘን ትቀልጃለሽ?» አለኝ።

«ሰው ደስ ቢለው አንተን ምን ጎዳህ?»

«ነገ እውነቱን ሲያየው ሁለቴ ያለቅሳላ!»

ጓዴ ሊመታው ደረሰ። አወቀ ግን ነጋዴ ነው፤ አሁን ደጃፉ ላይ «የጃፓን መጨረሻ ጠዋት፣ የቤቲ መጨረሻ ከሰዓት» ብሎ ለጥፏል። ሁለቱም ይሞላል። ጠዋት የሚመጡት ከሰዓት የሚመጡትን ሞኞች ይሏቸዋል። ከሰዓት የሚመጡት ጠዋት የሚመጡትን ጨካኞች ይላሉ።

እኔ ሁለቱንም እሠራለሁ። ከጠዋት እስከ ማታ እዚያው ነኝ። አወቀ «ደክሞሻል፣ ዛሬ ከሰዓቱን ልተወው» ሲለኝ አይሆንም ያልኩት እኔ ነኝ።

ሐምሌ 27፣ እሑድ

ከሰዓት በፊልሙ መሐል በሩ ተከፈተ። አባባ ናቸው። ጥምጥማቸው ሳይቀር በስብሶ፣ መቋሚያቸውን ይዘው። ያ ሁሉ የሚያፏጭ ወጣት ከመቀመጫው ተነሣ። ጓዴ ፊት ወንበር ላይ አስቀመጣቸው፤ ጋቢውንም አለበሳቸው። እኔ ማይኩን ዝቅ አድርጌ አባባን አያለሁ።

«የኔታ መጥተዋልና ቀጥዪ እንጂ» አለኝ አወቀ። ቀጠልኩ። ነበልባል በሩን ሊዘጋ ሲሄድ አባባ ጮክ ብለው፣

«ይህ ቀዩ ሰው ወዴት ነው የሚሄድ?» አሉ።

«ወደ ድሮ ነው፣ የኔታ» አለ ጓዴ።

«እዚያ ማን አለው?»

ከሰዓት መጥቶ የማያውቀው እንየው ዛሬ ለክርክር መጥቶ ኖሮ፣ ከጥግ ሆኖ «ማንም የለው፣ የኔታ። ብቻውን ነው» አላቸው።

አባባ ራሳቸውን ነቀነቁ። «የለም፣ የለም። አንድ ሰው እንኳ አያጣም። በልጅነቱ የሚያውቀው አንድ ሰው አለ» አሉ። ማንም አልሳቀም። አንዳንዶቹ ኋላ ይህን ቃል እየተቀባበሉት ወጡ፤ ፊልሙ ላይ ያልተባለውን እንደ አዲስ ትርጓሜ።

ሲያልቅ አወቀ መብራቱን አበራ። አባባ ወደ እኔ መጥተው እጄን ያዙና፣ «ታደለች፣ ነይ እንሂድ። ልጆቹ ብቻቸውን ናቸው» አሉኝ።

ታደለች እናቴ ናት። ካረፈች ቆየች።

ጨለማ ስለነበር ነው የተሳሳቱት። እናቴን እመስላለሁ ይላል ሰው ሁሉ።

ነሐሴ 2፣ ዓርብ

ፍልሰታ ገባ። ቄስ ገብሬ ቤት ድረስ መጡ። አባባን ሰላም ብለው፣ እኔን ወደ ደጅ ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ሰው ይናገራል። የጃፓን ጋኔን ቤት አስገብታ ነው መሪጌታን ያሳተቻቸው ይላል። እኔ አላልኩም። ሰው ነው የሚል።»

«አባባ ምን ሆኑና ነው ሳቱ የሚባሉት፣ አባ?»

ቄስ ገብሬ ዞር ብለው ወደ ቤቱ አዩ። «እንግዲህ ለጾሙ እንኳ ተይው» ብለው ባረኩኝና ሄዱ።

ተውኩት። ቤት ዋልኩ። አባባ ቀኑን ሙሉ መጽሐፋቸውን ፈለጉ፤ ታቅፈውት ነው።

ነሐሴ 5፣ ሰኞ

ሄድኩ። አወቀ ሳይልክብኝ ነው የሄድኩት። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ነሐሴ 13፣ ማክሰኞ

የደብረ ታቦር በዓል። የሠፈሩ ልጆች ሆያ ሆዬ ሲሉ ነው የመሸው፤ እኔ ጆሮዬ ሌላ ጋ ነው።

ሌሊት ማኅሌት ላይ አባባ ነበሩ የሚመሩት። ዛሬ ውኃ ስቀዳ ሁለት ደብተራዎች ከአጥር ወዲያ ሲያወሩ ሰማሁ። የጥምቀቱን ቀለም አነሡ አሉ፣ በነሐሴ። አንዱ ቀስ ብሎ ሊያርማቸው ሞከረ፤ እሳቸው መቋሚያቸውን ተክለው እስከ መጨረሻው ዘለቁት። ሌሎቹ እስኪጨርሱ ጠበቁ።

«አቤት ዜማ!» አለ አንደኛው። «አንዲት ምልክት አልሳቱም እኮ። የሳቱት ቀኑን ነው።»

ሌላው «ከእንግዲህ እንዴት ይሆናል?» አለ።

ማድጋዬን ይዤ እዚያው ቆምኩ። ጾም ሲጸና ሰውን ራሱን ያዞረዋል። ሲገደፍ ይተዋቸዋል።

ነሐሴ 19፣ ሰኞ

ጾሙ ከተፈታ ሰነበተ። አልተዋቸውም።

ወንድሜ ሞላ መካነ ኢየሱስ ከተማ ነው የሚኖር። ኔትዎርክ ሲመጣ ደወልኩለት። አባባ ደክመዋል፣ ናና እያቸው አልኩት።

«መንገዱ እንዲህ ሆኖ በምን እመጣለሁ? ደግሞ መርሳት በሽማግሌ ያለ ነው፤ አታጋኚው።»

እኔ ይረሳሉ አላልኩትም ነበር። እሱም የሚያውቅ ኖሯል። ሁላችንም እናውቅ ኖሯል።

ዓለምነህ ዛሬ መጥቶ የአባባን ጉልበት ሳመ። ወደ ሌላ መምህር ሊሄድ ነው። ሲወጣ ያለቅስ ነበር። አባባ «ማነው ይህ ደግ ሰው?» አሉኝ።

ነሐሴ 24፣ ቅዳሜ

አባባ የሉም።

ለከሰዓቱ ሄጄ ነበር። ጓዴ ተጨማሪ አንዴ አሳዪን አለኝ፣ እሺ አልኩ። ስመለስ የሉም። መቋሚያቸውም የለም። ዝናብ ነው። ቤተ ክርስቲያን የሉም። ገበያ የሉም። ማይኩን ለምኜ በአወቀ ድምፅ ማጉያ ተናገርኩ። ሁሉም ወጣ፣ የጠዋቱም የከሰዓቱም። አዜብ እንኳ በባዶ እግሯ። እንየው ወንበሩ ላይ ሰው ትቶ። አልተገኙም።

ነሐሴ 25፣ እሑድ

ተገኙ። ከመተኛቴ በፊት ልጻፈው።

ጎሕ ሲቀድ አንድ እረኛ በጋይንት መንገድ አየኋቸው አለ። ጓዴ፣ እንየውና እኔ ሄድን። ባጃጁ ጭቃ ውስጥ ቀረ፤ በእግር ሄድን። ከወንዙ ማዶ ካለች አንዲት ጎጆ ድምፃቸው ሲመጣ ሮጥኩ። ያዜማሉ።

የቤቱ ባለቤት ወይዘሮ ሐረገ ወይን ደጅ ላይ ተቀበለችን።

«ማታ በዚያ ዝናብ ደጄ ላይ ‹በእንተ ስማ ለማርያም› የሚል ድምፅ ሰማሁ» አለችን። «የቆሎ ተማሪ ነው ብዬ ቁራሽ ይዤ ብወጣ ጥምጥም ያደረጉ ሽማግሌ። ደነገጥኩ። ‹አባቴ፣ ይግቡ› ብላቸው፣ ‹ተማሪ ነኝ፣ ቤተ ልሔም ለየኔታ ቀለም ላሰማ ነው፣ ዘግይቻለሁ› አሉኝ። አልጋ ላይ አልወጣም ብለው መሬት ተኙ። ምን ልበላቸው?»

ገባሁ። እሳት ዳር ናቸው።

«አባባ!»

ተነሡልኝ። ዓይናቸውን መሬት ላይ ጥለው፣ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ እንደሚያፍር ልጅ።

«እኅቴ፣ ከየት ነሽ?»

«ከወገዳ» አልኩ።

«ወገዳ። ሰምቻለሁ። አላየኋትም። ትምህርቴን ስጨርስ እግዚአብሔር ከፈቀደ አያታለሁ።»

ወገዳ አግብተው፣ ወልደው፣ እናቴን ቀብረው የኖሩባት ናት።

እንሂድ አልኳቸው። «ተማሪ ከሴት ጋር መንገድ አይወጣም» አሉኝ፤ በትሕትና ነው፣ ግን ፍንክች የለም። ብለምን፣ ባለቅስ፣ ሐረገ ወይንን እያዩ «ይህች እኅት ምን ሆነች?» ይላሉ። ልጅዎ ነኝ ብላቸው ደነገጡ። መቋሚያቸውን አንሥተው ሊወጡ ተነሡ፤ በስተሰሜን፣ ወደ ገደሉ መንገድ። ከዚህ በላይ አቅም አጣሁ። መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ያን ጊዜ እንየው ገባ። አንዲት የሐሰት ቃል ይቅር ያላለኝ እንየው። ጫማውን አውልቆ፣ ጋቢውን በትከሻው አጣፍቶ፣ አባቴ ፊት ቆመ።

«ወንድሜ፣ እኛም ወደ ቤተ ልሔም ነን» አላቸው። «ይህ መንገድ ተደርምሷል። በወገዳ ዞረን ብንሄድ ይሻለናል።»

አባባ ፊታቸው በራ። «ጓደኛ አገኘሁ!» አሉ። «የማን ተማሪ ነህ?»

እንየው ወደ እኔ አየ። «የመሪጌታ ቀለመወርቅ» አለ፤ የራሳቸውን የአባባን ስም።

«አላውቃቸውም» አሉ አባባ። «ደግ መምህር ናቸው?»

«እጅግ» አለ እንየው።

ሦስቱ ፊት ፊት ሄዱ። አባባ መሐል ሆነው መንገዱን ሙሉ አስተማሯቸው። ግዕዝ የማያውቀው ጓዴ «ሃሌ ሉያ»ውን ብቻ እየጠበቀ በጉልበቱ ይቀበላል። አባባ በሳቅ ይፈርሳሉ። እንዲህ ሲስቁ ያየሁበትን ዘመን አላስታውስም። እኔ እንዳያዩኝ ራቅ ብዬ፣ እንደ ባዳ፣ ከኋላ ተከተልኩ።

ነሐሴ 28፣ ረቡዕ

ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ መጣች። ሳላቸውን አዳመጠች፣ ለእሱ ሽሮፕ ሰጠች። ለሌላው «መድኃኒት የለንም፤ ብቻቸውን አይተዋቸው» አለችኝ። ይኸው ነው። የበሽታውን ስም በእንግሊዝኛ ነገረችኝ። ትርጉሙን አልጠየቅኋትም፤ አውቀዋለሁ።

አወቀ ሌላ ሴት ማይክ ላይ አስቀምጧል። አዜብ መጥታ ነገረችኝ፤ ሰው አሁንም ስለ መጨረሻው ይጣላል አሉ። «አንቺ ግን የቱ ነው ትክክሉ ትያለሽ?» አለችኝ። አላውቅም አልኳት። የእውነቴን ነው።

ጳጉሜን 3፣ ሰኞ

ሩፋኤል። ሕፃናቱ ዝናቡ ውስጥ እየዘለሉ ዋሉ። አባባ በመስኮት ሲያዩዋቸው ዋሉ።

እንግዳዬ ናቸው አሁን። ማታ ማታ «ነገ በጠዋት እነሣለሁ» ይላሉ፣ እሺ እላለሁ። ሲነጋ ይረሱታል። ዛሬ ግን እራት ከበሉ በኋላ ቆመው፣ እጃቸውን አጣምረው ተናገሩኝ።

«እኅቴ፣ ለተማሪ እንዲህ የሚደክም ቤት አላየሁም። በጸሎት እንዳስብሽ ክርስትና ስምሽን ንገሪኝ።»

«ወለተ ማርያም» አልኳቸው።

እንዳይጠፋቸው እየደጋገሙ አጠኑት። ወለተ ማርያም፣ ወለተ ማርያም።

«ወላጆችሽስ በሕይወት አሉ?»

«እናቴ አርፋለች» አልኩ። «አባቴ አሉ።»

«እግዚአብሔር ያቆይልሽ» አሉኝ።

«አሜን» አልኩ።